ከዶሮ ወጥ ጋር የሚጠጣ ወይን፦ ለበዓልና ለድግስ፣ ለየኪሱ

ለፋሲካ ወይም ለመልስ ወይን ሊገዛ የወጣ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥሩው የቱ ነው?» ብሎ ነው። ባለሱቁም ከላይኛው መደርደሪያ ውዱን ያወርዳል። ጠርሙሱ ቤት ደርሶ ከዶሮ ወጥ ጋር ሲቀርብ እንግዳው አንዴ ጎንጨት ያደርግና ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ «ቢራ አለ?» ይላል። ወይኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አልኮሉ 14 በመቶ የደረሰ፣ ስኳር የሌለው፣ አፍ የሚያደርቅ ቀይ ወይን በርበሬ ከጠገበ ወጥ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ወጡ ይበልጥ ያቃጥላል፣ ወይኑም ይመርራል።

ስለዚህ ለሐበሻ ገበታ ወይን ሲመረጥ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ጣፋጭነቱ፣ ቀጥሎ ምን ያህል ቀዝቅዞ እንደሚቀርብ፣ ከዚያ የአልኮሉ ልክ ይታያል። ዋጋና ስም የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። ሦስቱን ያወቀ ሰው በትንሽ ገንዘብ ከባለብዙ ገንዘቡ የተሻለ ያጠጣል።

ምክንያቱ ምላስ ላይ ነው ያለው። አልኮል የሙቀት ስሜት የሚሰጡትን ነርቮች ስለሚነካ የበርበሬን ቃጠሎ ያባብሳል። ታኒን የሚባለው ደግሞ ከወይኑ ቆዳና ፍሬ የሚወጣ ሲሆን፣ የቆየ ወፍራም ሻይ ሲጠጣ ድድንና ምላስን እንደሚያኮማትረው ያለ ስሜት ይሰጣል። ቅባትና ጨው ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ በሚጥሚጣና በበርበሬ ላይ ሲሆን ግን ሻካራነቱ ይጎላል። ስኳር ቃጠሎውን ያለዝባል፣ ቅዝቃዜ ያበርደዋል፣ የወይኑ ኮምጣጣነት ደግሞ ቅቤውን ከአፍ ያጥባል። ከዶሮ ወጥ ጋር ጠጅ የተስማማው በአጋጣሚ አይደለም፦ ጣፋጭ ነው፣ ትንሽ ይኮመጥጣል፣ ታኒን የለውም ማለት ይቻላል፣ የጌሾው ምሬትም ልከኛ ነው።

ልጣፉ ላይ ምን ይነበባል

ደረቅ ወይም «ድራይ» ማለት ስኳሩ በፍላት አልቋል ማለት ነው። በአውሮፓ ደንብ ደረቅ የሚባለው በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር ያለው ነው፤ ኮምጣጣነቱ ከፍ ካለ እስከ 9 ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ እስከ 12 ግራም ከፊል ደረቅ፣ እስከ 45 ግራም ከፊል ጣፋጭ፣ ከ45 ጀምሮ ጣፋጭ ይባላል። ለዶሮ ወጥ፣ ለቀይ ወጥና ለሚንቸት አብሽ የሚፈለገው ከፊል ጣፋጩ ነው፤ በአገራችን ጠርሙስ ላይ «ሚዲየም ስዊት» ተብሎ የሚጻፈው። የጣሊያን ጠርሙስ ላይ «አማቢሌ» ወይም «ዶልቼ»፣ የፈረንሳይ ላይ «ሞዌሉ» ወይም «ዱ» የሚል ካለ ጣፋጭነት አለው። «ሴኮ»፣ «ሴክ» እና የጀርመኑ «ትሮክን» ደረቅ ናቸው።

አረፋ ያለው ወይን ላይ ሲደርስ ግን ይህ ቋንቋ ያሳስታል። «ብሩት» ከ12 ግራም በታች ስኳር አለው። «ኤክስትራ ድራይ» ስሙ እጅግ ደረቅ ቢመስልም ከብሩት ይጣፍጣል፤ ከ12 እስከ 17 ግራም ነው። እዚያው ላይ «ሴክ» ከ17 እስከ 32፣ «ዴሚ ሴክ» ከ32 እስከ 50 ግራም ይደርሳል። ኬክ ሲቆረስ የሚከፈተው ጠርሙስ በብዙ ድግስ ብሩት ነው፤ አፍ በክሬም ከጣፈጠ በኋላ የሚጠጣ ብሩት ሎሚ ይሆናል። ለኬክ ዴሚ ሴክ፤ ለምርቃትና ለመክፈቻ፣ ምግብ ሳይቀመስ ከሆነ ብሩት።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ነው፣ የሚቆጠረውም እንደ ፈረንጆቹ ነው። ነጭና ሮዜ (ቀለሙ ሮዝ የሆነው) ሲሆን ከሦስት ዓመት ያልበለጠውን መውሰድ ይሻላል፤ ርካሽ ነጭ ወይን ሲያረጅ ይደክማል እንጂ አይሻሻልም። «የቆየ ወይን ይጣፍጣል» የሚባለው ለቆይታ ተብለው ለተሠሩ ጥቂት ወይኖች እውነት ነው፤ የሰፈር ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ለከረመ ጠርሙስ አይሠራም። አንገቱ ላይ ያለው ፈሳሽ የጎደለ፣ ቡሹ ወደ ውጭ የተገፋ ወይም ከሽፋኑ ሥር የተጣበቀ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ሙቀት መትቶታል፤ ይመለስ። ታች ላይ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ዝቃጭ ቢታይ ግን የወይኑ የራሱ አሲድ በቅዝቃዜ ረግቶ ነውና ጉዳት የለውም።

ለየወጡ የትኛው

ዶሮ ወጥ ከሁሉም ከባድ ፈተና ነው፤ በርበሬ፣ ብዙ ሽንኩርት፣ ቅቤ እና የሽንኩርቱ ጣፋጭነት አንድ ላይ። ከአገር ውስጥ ጠርሙሶች ከፊል ጣፋጭ ቀይ ወይም ሮዜ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ፣ ይቋቋመዋል። ከውጭ ከመጣ ሪስሊንግ የተባለው የጀርመን ነጭ ወይን «ሽፔትሌዘ» የሚል ሆኖ «ትሮክን» የማይል ቢገኝ የሚበልጠው የለም ማለት ይቻላል፦ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ አልኮሉም ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ አይርቅም። የጣሊያኑ ላምብሩስኮ አማቢሌ ቀይ፣ ቀዝቃዛና ትንሽ አረፋማ በመሆኑ «ቀይ ካልሆነ ወይን አይደለም» የሚለውን እንግዳም፣ ወጡንም ያስደስታል።

ክትፎ ሌላ ነገር ነው። ጥሬ ወይም ለብ ለብ ያለ ሥጋና ብዙ ቅቤ ታኒንን ስለሚያለሰልሱ ደረቅ ቀይ እዚህ ቦታ አለው። ሚጥሚጣው ከጠነከረ ግን ቀለል ያለ ቀይ፣ ለምሳሌ መርሎ ከተባለው የወይን ዘር የተሠራው፣ ከካበርኔው ይሻላል። ዓይቡ ራሱ ቃጠሎውን ስለሚያበርድ ክትፎ ከዶሮ ወጥ ይልቅ ለወይን የተመቸ ነው። ቁርጥ ከአዋዜ ጋር ሲሆን ችግሩ አዋዜው ነው፤ ሥጋው ብቻውን ቢሆን ካበርኔ ሶቪኞን ይበቃው ነበር። ለደረቅ ጥብስ ሲራ የተባለው ዘር ቀይ ወይን፤ ሥጋው ሲጠበስ የሚያወጣው የተቃጠለ ሽታና የሲራው ቅመም ቅመም ማለት ይገናኛሉ። አልጫ፣ ጎመን በሥጋና ዓሣ ጥብስ ነጭ ደረቅ ወይን የሚጠጣባቸው ናቸው። ዱለትና ወይን ግን ባይገናኙ ይሻላል፤ ጉበቱ ከቀይ ወይን ጋር የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ቢራ ይቅረብለት።

በዓል ገበታ ላይ ሁሉም በአንድ ትሪ ነው የሚቀርበውና ለየወጡ ወይን መለዋወጥ አይቻልም። በጣም የሚያቃጥለውን ወጥ የሚችለው ሌላውንም ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ብቻ የሚገዛ ሰው ለዶሮ ወጡ ይግዛ።

የአገር ውስጥ ጠርሙሶች ሲነጻጸሩ

በሱቅ መደርደሪያ ላይ በብዛት የሚታዩት የሁለት አምራቾች ናቸው። አንጋፋው አዲስ አበባ ውስጥ ያለው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ከወይኖቹ ጉደር ደረቅ ቀይ ነው፤ አክሱማይት ጣፋጭ ቀይ፤ አዋሽ ክሪስታል ደረቅ ነጭ። ጉደር ከቁርጥና ከጥብስ ጋር ይጠጣል፤ ከዶሮ ወጥ ጋር ብቻውን ሲቀርብ ይጎመዝዛል። አክሱማይት «ወይን አልጠጣም» የሚለውም ሰው የሚቀበለው ነው፤ ሞቅ ብሎ ሲቀርብ ግን ሽሮፕ ይሆናል፣ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከቆየ ጣፋጭነቱ ልኩን ይይዛል። ብዙ ሰው አክሱማይትን ለመነሻ ያቀርበዋል፤ ከወጡ ጋርና ከወጡ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ጣፋጭ የቀመሰ አፍ ቀጥሎ የሚመጣውን ደረቅ ወይን ኮምጣጤ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ካስቴል ነው። የወይን እርሻው ዝዋይ፣ ባቱ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሲሆን፣ ወይኖቹ ለገበያ የቀረቡት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ሪፍት ቫሊ የሚለው ስም በወይኑ ዘር ተለይቶ ይወጣል፦ ካበርኔ ሶቪኞን፣ መርሎ፣ ሲራ፣ ሻርዶኔ። እነዚህ ደረቅ ናቸው። አካሺያ ደግሞ ከፊል ጣፋጭ የሆኑትን ስለሚያካትት ለወጥ የሚፈለገው እዚያ ውስጥ ነው። ሁለቱን ስሞች አለመለየት የተለመደ ስሕተት ነው፤ «የካስቴል ወይን አምጣ» ተብሎ የተላከ ልጅ ሪፍት ቫሊ ሲራ ይዞ ይመጣል፣ ከዶሮ ወጡ ጋርም ይጣላል። «አካሺያ፣ ሚዲየም ስዊት የሚል» ተብሎ ይላክ። አካሺያ ውስጥም ደረቅ አለና ስሙ ብቻውን አይበቃም።

ከውጭ የገባውስ? ከአንድ ጠርሙስ ዋጋ ውስጥ የጠርሙሱ፣ የቡሹ፣ የማጓጓዣው፣ የቀረጡና የምንዛሪው ወጪ ወይኑ ርካሽም ይሁን ውድ ብዙ አይለዋወጥም። በጣም ርካሹ የውጭ ወይን ላይ ገንዘቡ የሚሄደው ለመንገዱ ነው፤ ለወይኑ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በተመሳሳይ ዋጋ የአገር ውስጡ ይሻላል የሚባለው በዚህ ሒሳብ እንጂ በአገር ፍቅር ብቻ አይደለም። የውጭውን መግዛት የሚያዋጣው ዋጋው ከአገር ውስጡ እጥፍ ገደማ ሲደርስና ፍላጎቱ እዚህ የማይገኝ ነገር ሲሆን ነው፦ ሪስሊንግ፣ ሞስካቶ፣ በጠርሙስ ውስጥ የፈላ አረፋማ ወይን።

ሻምፓኝ ወይስ ሌላ

ፏ ብሎ የሚከፈተውን ሁሉ ሻምፓኝ እንለዋለን። ስሙ በሕግ የሚገባው በፈረንሳይ ሻምፓኝ አውራጃ ለተሠራው ብቻ ነው፤ ዓመት ያልተጻፈበት እንኳ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 15 ወር ይቆያል። የስፔኑ ካቫ በዚያው ዘዴ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ፍላት አድርጎ ይሠራል፤ ዝቅተኛ ቆይታው 9 ወር ነው። «ካፕ ክላሲክ» የሚለው የደቡብ አፍሪካ ጠርሙስም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ፕሮሴኮ በትልቅ ጋን ውስጥ ስለሚፈላ ይረክሳል፣ አረፋው ቶሎ ይጠፋል፣ ጣዕሙ የፒርና የፖም ነው። ለሠርግ አዳራሽ ቶስት፣ ሰው ቆሞ አንዴ ለሚጎነጨው፣ ካቫ ወይም ፕሮሴኮ ከበቂ በላይ ነው። ሻምፓኝ መግዛት የሚያስደስተው ለስድስት ሰው፣ ተቀምጦ፣ ጭውውት ሲኖር ነው፤ ለሁለት መቶ ሰው ሲንቆረቆር ልዩነቱን የሚያውቀው ከፋዩ ብቻ ነው።

የጣሊያኑ ሞስካቶ ዳስቲ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ አረፋው ለስላሳ ነው። ለኬክም፣ ብዙ መጠጣት ለማይፈልግም፣ ለዶሮ ወጥም ይሆናል። ያገኘ ሰው ካርቶን ይግዛ።

ርካሽ የሆነውና «ሻምፓኝ» እየተባለ የሚሸጠው አልኮል አልባ አረፋማ ጭማቂ ለልጆችና ለማይጠጡ ጥሩ ነው። ልጣፉ ግን በጥንቃቄ ይነበብ፤ ከውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ አልኮል ያላቸውና የሌላቸው ጠርሙሶች አንድ ሳፋ ውስጥ ከተቀላቀሉ ለልጅ የሚቀዳው የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። ለየብቻ ይቀዝቅዙ።

ጠጅ፣ ከወይን ጋር ሲወዳደር

ገንዘቡ ለአንድ መጠጥ ብቻ ከበቃ ጥሩ ጠጅ ርካሽ ወይንን ያሸንፋል። ችግሩ «ጥሩ» የሚለው ላይ ነው። የቤት ጠጅ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈላል፤ ቤት ውስጥ የሚጠመቅ ከሆነ ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መጀመር ነው። ከጠጅ ቤት የሚገዛ ከሆነ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሄዶ መቅመስ፣ ከሚቀመሰው ጋንም ማዘዝ ነው። ስኳር የተጨመረበትን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ የማሩ ሽታ ከጎደለና ጣፋጭነቱ ጉሮሮ ላይ ሳይቀር ብቻውን ምላስ ላይ ከተቀመጠ መጠርጠር ነው።

የጠጅ አልኮል ከጋን ጋን ይለያያል፤ አንዱ እንደ ጠንካራ ቢራ፣ ሌላው እንደ ወይን ይሆናል። አዲስ እንግዳ ጣፋጭነቱን አይቶ እንደ ለስላሳ ይጠጣዋል፣ የሚነሣው ሲቆም ነው። በትንሹ ብርሌ ይቀዳ።

ሲጓጓዝ አደጋ አለው። ፍላቱ ያላለቀ ጠጅ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ ጠርሙስ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ይፈነዳል። ጄሪካኑ ከአራት ሦስት እጅ ብቻ ይሞላ፣ ክዳኑ ትንሽ ይላላ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ጋዝ ወይም ዘይት የነበረበት ጄሪካን በምንም ሳሙና ሽታውን አይለቅም፤ አዲስ ይገዛ።

ኪስ ሲያጥር፣ ሲላላ

ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ደረቁን ቀይ አጣፍጦ ማብዛት ይቻላል። ሁለት ጠርሙስ ጉደር፣ በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ የሟሟ አራት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ በቀጭኑ የተቆረጡ ሁለት ብርቱካኖች፤ ይህ በትልቅ ጆግ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ሊቀርብ ሲል ብቻ አንድ ሊትር የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ይጨመርበታል። አስቀድሞ ከገባ ጋዙ ይጠፋና የረጋ ጭማቂ ይሆናል። ከዚህ 16 ብርጭቆ ገደማ ይወጣል፣ አልኮሉም ከመነሻው ወደ ግማሹ ስለሚጠጋ በርበሬውን አያባብስም። ወይንን በኮካ ወይም በስፕራይት የሚቀላቅሉትን የሚያሽሟጥጥ አለ፤ ስፔኖች በኮካ የቀላቀሉትን ስም አውጥተውለት ይጠጡታል፣ ማፈር አያስፈልግም። ጥሩውን ሪፍት ቫሊ ግን እንዲህ ማድረግ ገንዘብ መድፋት ነው።

መካከለኛ ኪስ ከፊል ጣፋጭ ቀይ ብዙ፣ ደረቅ ቀይ ጥቂት፣ ነጭ ጥቂት ይገዛል። ለሰፋ ኪስ ደግሞ ምክሩ ሁሉንም ጠርሙስ ውድ አለማድረግ ነው፦ ምግቡ ሳይጀመር ለሚቀርበው ብርጭቆ ብቻ ጥሩ ካቫ ወይም ሻምፓኝ፣ ከወጡ ጋር መካከለኛው። አፍ ንጹሕ ሆኖ የሚቀምሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ከሁለት ጉርሻ ዶሮ ወጥ በኋላ ውዱን ከርካሹ ማን ይለያል?

ሣጥን ውስጥ በከረጢት የሚመጣው ሦስት ሊትር ወይን አራት ጠርሙስ ማለት ነው። ከተከፈተ በኋላ አየር ስለማይገባው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፤ በዓሉን አልፎ ለጠያቂ እንግዳም ይተርፋል። ውበቱ አይማርክም፣ በጆግ እየተቀዳ ይቅረብ።

ስንት ጠርሙስ?

750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 150 ሚሊ ቢቀዳ አምስት ብርጭቆ፣ ለቶስት 100 ሚሊ ቢቀዳ ሰባት ይወጣዋል። ወይን ብቻ በሚቀርብበት ድግስ አንድ ጠጪ በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል ተብሎ ይሰላል። ቢራ፣ ጠላ ወይም ጠጅ ካለ በግማሽ ይቀነሳል።

ለምሳሌ የ60 ሰው መልስ፣ 40ው ወይን የሚጠጣ፣ አራት ሰዓት የሚቆይ ነው እንበል። ለአንድ ሰው አምስት ብርጭቆ፣ በጠቅላላው 200፣ ይኸውም 40 ጠርሙስ ነው። ቢራና ጠጅ ስላለ 20 ይበቃል፦ አሥር ከፊል ጣፋጭ ቀይ፣ አምስት ደረቅ ቀይ፣ አምስት ነጭ ወይም ሮዜ። ለቶስቱ ለ60ውም ሰው ዘጠኝ ጠርሙስ አረፋማ። አዳራሹ ከውጭ ለሚገባ መጠጥ ኮርኬጅ የሚያስከፍል ከሆነ በጠርሙስ ነው ወይስ በሰው ተብሎ ከውሉ በፊት ይጠየቅ፤ በጠርሙስ ሲሆን ርካሽ ወይን ይዞ መግባት ትርፉ ያንሳል፣ አንዳንዴም የአዳራሹን መግዛት ይሻላል።

ያልተከፈተ ካርቶን እንዲመለስ ከሱቁ ጋር መስማማት የተለመደ ነው። ግን በረዶ ውሃ ውስጥ የተነከረ ጠርሙስ ልጣፉ ስለሚላጥ ባለሱቁ አይቀበለውም። ሁሉንም አንዴ አለመንከር፤ ስድስት ስድስት እየተባለ ይግባ።

አስተናጋጆች ብርጭቆ ይሞላሉ፤ ደግነት ነው፣ ሒሳቡን ግን ያፈርሳል። አንድ ብርጭቆ ላይ 150 ሚሊ ውሃ ተለክቶ፣ ከፍታው ላይ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፎ ለአስተናጋጁ ይታይ። መለኪያ ከሌለ የሕፃን ጡጦ ላይ ያለው ምልክት ይበቃል።

ማቀዝቀዝ፣ መክፈት፣ ማቆየት

አረፋማው ከ6 እስከ 8፣ ነጭና ሮዜ ከ8 እስከ 12፣ ደረቅ ቀይ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ይቀርባል። «ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የሚባለው የመጣው ከቀዝቃዛ አገር ቤት ነው፤ ሰው የሞላበት አዳራሽ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። ቀዩም ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ፤ ድሬዳዋና አዋሳ ሲሆን አንድ ሰዓት።

ጊዜ ከሌለ ሳፋ ውስጥ ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ውሃ፣ ሁለት እፍኝ ጨው። በረዶ ብቻ ከሆነ ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው፤ ውሃው ሲጨመር ዙሪያውን ይይዘዋል፣ ጨው ደግሞ ውሃውን ከዜሮ በታች ያወርደዋል። በ20 ደቂቃ ይደርሳል። ፍሪዘር ውስጥ መርሳት የበዓል ዋዜማ የታወቀ ጥፋት ነው፤ ወይኑ ሲረጋ ይሰፋል፣ ቡሹን ይገፋል ወይም ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። አረፋማው ከሆነ ፍሪዘሩን በሙሉ ስባሪ ያደርገዋል።

አረፋማ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ከእጥፍ በላይ ነውና በጣራና በሰው ዓይን መቀለድ አይገባም። ሽቦው ስድስት ግማሽ ዙር ሲዞር ይላላል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አውራ ጣት ከቡሹ ላይ አይነሣም። ጠርሙሱ ወደ 45 ዲግሪ ዘንበል ይበል፣ ቡሹ ተይዞ የሚዞረው ጠርሙሱ ይሁን። ድምፁ ትንፋሽ ያህል ከሆነ በደንብ ተከፍቷል። የሚረጨው ወይ ያልቀዘቀዘ፣ ወይ በመንገድ የተናጠ ነው።

ተራው ቡሽ መሃል ላይ ከተሰበረ መክፈቻው ሰያፍ ገብቶ በቀስታ ይሳባል። ካልሆነ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ወይኑ በሻይ ማጥለያ ይገለበጣል፤ ጣዕሙ አይጎዳም።

እንግዳ ከመምጣቱ አንድ ሰዓት በፊት ከየዓይነቱ አንድ ጠርሙስ ተከፍቶ ይሽተት፣ ወጥ ያልቀመሰ ሰው ይቅመሰው። የረጠበ ካርቶን ወይም የምድር ቤት ሽታ ካለው ቡሹ ነው ያበላሸው፤ የዚያ ጠርሙስ ችግር እንጂ የካርቶኑ ሁሉ አይደለም፣ ሌላ ይከፈት። የአቼቶ ሽታ ያለውና ቀለሙ ወደ ቡናማ የሄደው አየር ገብቶታል። የክብሪት ሽታ ግን ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ይጠፋል።

ለማይጠጡና ለሩቅ ላሉ

ለሙስሊም እንግዶች፣ ለሾፌሮችና ለነፍሰ ጡሮች ብርዝ ከለስላሳ ይሻላል፤ ከወጡም ጋር ይስማማል። ብርዝ ግን ሞቃት ቦታ ሲያድር መፍላት ይጀምራል። በበዓሉ ዕለት ጠዋት ተበጥብጦ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ በዚያው ቀን ይለቅ፤ ያደረውን «አልኮል የለውም» ብሎ ማቅረብ አይቻልም። አልኮል በሕግ በተከለከለባቸው ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት ላሉም የበዓሉ መጠጥ ይኸው ነው።

እስራኤል ላሉ ቤተሰቦች ሴደር፣ የአይሁድ ፋሲካ እራት፣ የራሱ ስሌት አለው። እያንዳንዱ ሰው በእራቱ ላይ የሚጠጣቸው አራቱ ጽዋዎች በተለመደው ልክ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 86 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ናቸው፤ አራቱ ተደምረው 344፣ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ የሚበቃው ለሁለት ሰው ነው። ወይኑ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ)፣ ያውም «ለፋሲካ ኮሸር» የሚል መሆን አለበት፤ የሚቀዳው ሰው አይሁዳዊ ካልሆነ «ሜቩሻል» (በሙቀት ያለፈ) የሚለው ይፈለጋል። አራት ጽዋ ለሚከብደው የወይን ጭማቂ ይፈቀዳል።

ዋሽንግተንና አውሮፓ ያለ ሰው አክሱማይት ባያገኝ ላምብሩስኮ አማቢሌ ወይም የጆርጂያው ከፊል ጣፋጭ ቀይ ኪንድዝማራውሊ ቦታውን ይሸፍናል። እዚያ በጠርሙስ የሚሸጠው ጠጅ ከቤቱ ይልቅ የሚጣፍጥ ስለሆነ በጣም ቀዝቅዞ ይቅረብ።

የተረፈ ወይን ቡሹ ተመልሶ፣ ቀዩም ጭምር፣ ፍሪጅ ይግባ፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። አረፋማው ልዩ ክዳን ካላገኘ በማግሥቱ ይለቅ፤ አፉ ላይ ማንኪያ መሰካት ምንም አይጠቅምም። የጎደለውን ወይን ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ መገልበጥ ግን አየሩን ስለሚያስወጣ ሁለት ቀን ይጨምርለታል፤ የሁለት ቀን የቆየው ጉደር ደግሞ የጥብስ ሥጋ ሲጠበስ፣ ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት፣ ግማሽ ስኒ ቢረጭበት ያምርበታል።